ለጭንቀትና ለኦሲዲ የትኛው ሰፕልመንት? ባሕር ዳር ሆኖ ለሚመርጥ ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ ገብታችሁ «ዶክተር፣ ለጭንቀት የሚሆን ቫይታሚን አለ?» ብትሉ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። ማግኒዥየም ይወጣል። ቢ ኮምፕሌክስ ይወጣል። የአሳ ዘይትም ሊኖር ይችላል። ለፋሲካ ከአሜሪካ የመጣች አክስት ካለች ደግሞ ሻንጣዋ ውስጥ አሽዋጋንዳ የሚባለው ዕፅ አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን እንተወው፤ እሱ ማለቂያ የለውም።

ዕቃዎቹ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ዓይነት ነው። ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ስሜት ያስተካክላል። እውነቱ ሲታይ በጣም ይለያያሉ። አንዱ ትንሽ ማስረጃ አለው፤ ሌላው የለውም። አንዱ ቢበዛ ሆድ ያላላል፤ ሌላው ጉበት ይጎዳል። አንዱ እዚሁ ገበያ በዱባ ፍሬ ይተካል፤ ሌላው ከውጭ ካልመጣ የለም።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለቀለል ያለ ጭንቀት አንዱን መርጦ መሞከር ክፋት የለውም። ለኦሲዲ፣ ማለትም የማይፈለግ ሐሳብና የሚደጋገም ድርጊት ለሚያመጣው የአእምሮ ሕመም፣ ግን ሰፕልመንት ዋና ሕክምና ሆኖ አያውቅም። ቢሳካለት ከሕክምናው ጎን ቆሞ ያግዛል። ስለዚህ ብልቃጥ ከማወዳደራችን በፊት ያለብን የቱ እንደሆነ እንለይ።

ጭንቀት ነው ወይስ ኦሲዲ?

ጭንቀትን የማያውቅ የለም። ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የሚማር ልጅ ፈተና ሲደርስ ሆዱ ይገላበጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። የቤት ኪራይ የተጨመረባት እናት ሌሊቱን ስታሰላ ታድራለች። ይኼ አልለቅ ብሎ ወራት ሲቆይ፣ ሥራና ትምህርት ሲያበላሽ ነው ሕመም የሚሆነው።

ኦሲዲ ሌላ ነው። የማይፈለግ ሐሳብ አእምሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ይላል። ሰውየው እሱን ለማባረር አንድ ነገር ይደጋግማል። ቡታጋዙን ዘግታ የወጣች ሴት ጊዮርጊስ ጋ ስትደርስ ባጃጁን አስዙራ ትመለሳለች። ተዘግቷል። ነካ አድርጋ ታረጋግጣለች። በሩን ቆልፋ ስትወጣ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚለው ሐሳብ እንደገና ይመጣል። ሌላው እጁ እስኪሰነጣጠቅ ይታጠባል። ዉዱእ አድርጎ «አልተሟላም» እያለ ሲደግም ሶላት የሚያልፈው አለ። የንስሐ አባቱ ጋ አንዱኑ ኃጢአት በየሳምንቱ ይዞ የሚመለስም አለ፤ ተፈቶለታል፣ እሱ ግን «አስተካክዬ አልተናገርኩ ይሆናል» ይላል። ቤተሰብ ይህን ጽዳት መውደድ ወይም መንፈሳዊ ጥንቃቄ ይለዋል። በዚህ የተነሳ ብዙ ዓመት ሳይታከም ያልፋል።

ልዩነቱ ለኪሳችሁም ያስፈልጋል። ለጭንቀት ጥቂት ተስፋ ያሳየው ሰፕልመንት ኦሲዲ ላይ ሲሞከር ባዶ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። የተገላቢጦሹም አለ። ስለዚህ «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ያላችሁ ሰው ሊዋሽ ላይሆን ይችላል፤ ያወራው ግን ስለ ሌላ ሕመም ነው።

ከመጨመር በፊት መቀነስ

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ብልቃጦቹ መሄድ እንደሚያምራችሁ አውቃለሁ። አትዝለሉት። ከሁሉም ርካሹ አማራጭ እዚህ ነው ያለው።

ጫት በባሕር ዳር ዙሪያ በስፋት ይመረታል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው። ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ፍርሃት ይተካል። የሚቅም ሰው ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከፈለገ መጀመሪያ እሱን ማቆም አለበት።

ቡናም አለ። የዘጌ ቡና እንደሚጣፍጥ አልክድም። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ልቡ ድው ድው የሚል ሰው ማታ ማግኒዥየም ቢውጥ በአንድ እጁ እሳት እየቆሰቆሰ በሌላው ውሃ ማርከፍከፍ ነው። በአንድ ቀን አታቁሙት፤ ራስ ምታቱ አይቻልም። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አውርዱ። የቀረችውንም አንድ ሲኒ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጠጡ።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሰውነት ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያፈጥናል፣ ያከሳል፣ ላብ ያበዛል። መልኩ ቁርጥ ጭንቀት ነው። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ስሜትንና ነርቭን ይነካል። እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ ከሆነ አሽዋጋንዳ ላይ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ ነው። ታይሮይድ ከሆነ ደግሞ ከከንቱም ይብሳል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማግኒዥየም፦ ርካሹ፣ በቀላሉ የሚገኘው

ለጭንቀት ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ሰውነታቸው ውስጥ ማግኒዥየም ያነሰባቸው ሰዎች የመጠቀም ዕድላቸው ይበልጣል። ለኦሲዲ ይሠራል ብዬ ግን አልመክርም።

ዓይነቱን ለዩ። በብዛት የሚገኘው ኦክሳይድ ነው። ርካሽ ነው፤ አንጀት ግን ብዙውን አይቀበለውም፤ ያልተቀበለው ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል። ሲትሬት ይሻላል፤ እሱም ሆድ ያላላል፤ ድርቀት ላለበት ሰው ይኼ ጥቅም ነው። ግላይሲኔት ለሆድ የሚለዝበው ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቁጥሩም ያታልላል። «1000 ሚሊግራም ማግኒዥየም ግላይሲኔት» ቢባል ንጹሑ ማግኒዥየም ወደ 140 ሚሊግራም ብቻ ነው። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት አዋቂ ሰው ከሰፕልመንት በቀን ከ350 ሚሊግራም ንጹሕ ማግኒዥየም በላይ ባይወስድ ይመረጣል።

ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም አይንካው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሰዓት ያራርቀው፤ ማግኒዥየሙ አንቲባዮቲኩን ይይዝና እንዳይሠራ ያደርገዋል። የታይሮይድ ክኒን የሚወስድም 4 ሰዓት ያራርቅ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ጤፍ በማግኒዥየም ሀብታም ነው፤ 100 ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 180 ሚሊግራም አለ። ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ማዕድኑ እንዲገኝ ይረዳል። አንድ እፍኝ የተቆላ ዱባ ፍሬ ወደ 150 ሚሊግራም ይሰጣል። ባቄላና ጎመንም አሉ። በደንብ የሚበላ የባሕር ዳር ሰው ከዚህ ብልቃጥ ተአምር ባይጠብቅ ይሻላል።

ኦሜጋ 3፦ ብልቃጡን ገልብጡት

ለጭንቀት ከሌሎቹ ሻል ያለ ማስረጃ ያለው ይኼ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) 19 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። 2,240 ሰዎች ተካተዋል። ጭንቀት በመጠኑ ቀንሷል። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው፤ ለውጡ ጎልቶ የታየው በቀን 2,000 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱት ላይ ነው።

እስቲ አንዱን ብልቃጥ አንሱ። ፊት ለፊቱ በትልቁ «የአሳ ዘይት 1000 ሚሊግራም» ይላል። ደስ ይላል። አሁን ገልብጡት። ጀርባው ላይ በደቃቁ «ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120» የሚል ታገኛላችሁ። ኦሜጋ 3 የሚባለው የነዚህ የሁለቱ ድምር ነው፤ 300 ሚሊግራም። ቀሪው ዘይት ነው። ጥናቱ ውስጥ ወደሠራው መጠን ለመድረስ በቀን 7 ፍሬ መዋጥ አለባችሁ። 100 ፍሬ የያዘ ብልቃጥ ሁለት ሳምንት ብቻ ይቆያል። በቀን አንድ ፍሬ እየዋጡ «እኔ ላይ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ አልወሰዱትማ። ጠንከር ያለ፣ በአንድ ፍሬ 600 ወይም 700 የሚሰጥ ካገኛችሁ እሱ በስሌት ይረክሳል።

ኦሲዲስ? በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ትንሽ ሙከራ 11 ታማሚዎች ላይ ኢፒኤ ከመድኃኒታቸው ጋር ጨምሮ ነበር። ከባዶው፣ ማለትም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ፣ የተለየ ነገር አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ በሩን አይዘጋም። ግን ኦሲዲ ላለበት ሰው ቀዳሚ ምርጫ አላደርገውም።

«ጣና እያለልን ምን ብልቃጥ?» የሚል አይጠፋም። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ግሩም ምግብ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ሙሉ ነው። ኦሜጋ 3 ግን ከቀዝቃዛ ባሕር አሳ ጋር አይወዳደርም። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰርዲን በዚህ ይበልጣል፤ አንዱ ቆርቆሮ 1 ግራም አካባቢ ሊሰጥ ይችላል። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው። ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለጾም መጠጥነቱ ግን ምን ይወጣለታል።

ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከፍተኛ መጠን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቢ ቫይታሚኖች

እንግሊዝ የሚገኘው የሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች ላይ ያደረገው ሙከራ በቀን 100 ሚሊግራም ቢ6 ለአንድ ወር ያህል ሰጥቶ የጭንቀት ስሜት መቀነሱን አሳይቷል። ያ ግን ከምግብ ከሚገኘው እጅግ የበለጠ መጠን ነው። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እጅና እግር ያደነዝዛል፤ ነርቭ ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 (እ.ኤ.አ.) የቀኑን ጣሪያ 12 ሚሊግራም አድርጎታል። ስለዚህ «ቫይታሚን አይጎዳም» እያላችሁ ዓመቱን ሙሉ አትዋጡት። ሌላ ብልቃጥ ውስጥም ቢ6 ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ማግኒዥየም ላይ አብሮ የሚጨመርበት ብዙ ነው። ደምሩት።

ቢ12 የተለየ ነው። ጾም የሚያበዛ፣ በፍስኩም ሥጋና ወተት ብዙም የማይቀምስ ሰው፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ሊያንሰው ይችላል። አስመርምሩ። ካነሰ ይሞላል፤ ካላነሰ መጨመሩ ጭንቀት አያጠፋም።

ኢኖሲቶል፦ ተስፋ ሰጪው ውድ ዱቄት

ኦሲዲ ላይ ከተሞከሩት ውስጥ አንዱ ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) እስራኤል ውስጥ 13 ታማሚዎች በቀን 18 ግራም ለ6 ሳምንት ወስደው ከባዶው ዱቄት የተሻለ ውጤት አገኙ። ወሬው የተነሳው ከዚህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ተመራማሪዎች ቀድሞውኑ የኦሲዲ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ጨምረው ሞከሩት። ለውጥ አላመጣም። በድንገት ለሚመጣ የፍርሃት ጥቃት፣ ማለትም ለፓኒክ፣ በትንንሽ ሙከራዎች የተሻለ ታይቷል።

አሁን ስሌቱን እዩት። 18 ግራም በቀን ማለት ግማሽ ኪሎ የያዘ ቆርቆሮ 28 ቀን እንኳ አይሞላም። በካፕሱል ከሆነ ባለ 500 ሚሊግራሙን በቀን 36 ፍሬ መዋጥ ነው። ማንም አያደርገውም። ዱቄቱ ነጭ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ከትንሽ ጀምሮ መጨመር ይረዳል። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም፣ ያለበት ወይም ቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሰው ሕመሙን ሊያስነሳበት ስለሚችል ይራቀው።

ባሕር ዳር ሆናችሁ ዋናው ጥያቄ የአቅርቦቱ ነው። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ማን ያመጣዋል? ሰው ከውጭ የሚመጣው በዓመት አንዴ ከሆነ ሙከራው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ይሥራ አይሥራ ሳታውቁት ገንዘቡ ያልቃል። እስከ መጨረሻው የማትዘልቁበትን አትጀምሩት።

ኤንኤሲ፦ ለኦሲዲ መሞከር ካለበት

ሙሉ ስሙ ኤን አሲቲል ሲስቴይን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ፓራሲታሞል በብዛት የወሰደን ሰው ጉበት ለማዳን ይሰጣል። አክታ ለማቅጠንም ያገለግላል። አእምሮ ውስጥ ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ ይነካል፤ ኦሲዲ ውስጥ ግሉታሜት ድርሻ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው የተሞከረው።

ብልቃጡን ስትከፍቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። ሰልፈር ስላለው ነው።

ጠንካራው ውጤት የተገኘው የገዛ ፀጉርን መንቀል ላይ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) 50 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። ኤንኤሲ ከወሰዱት 56 በመቶው በጣም ተሻሽለዋል፤ ባዶውን ከወሰዱት 16 በመቶው። የገዛ ፀጉርን መንቀል የኦሲዲ ዘመድ ተደርጎ የሚመደብ ችግር ነው፤ ራሱ ኦሲዲ ግን አይደለም። ሻጮች ይህን ቁጥር ይዘው ለኦሲዲ ያስተዋውቁታል። ኦሲዲ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች የተደባለቁ ናቸው፦ አንዳንዱ ከመድኃኒት ጋር ሲጨመር ረድቷል ይላል፣ ሌላው ለውጥ የለም ይላል።

መጠኑ በአብዛኛው በቀን ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊግራም ነው። ባለ 600 ሚሊግራሙ 60 ፍሬ በቀን አራት ሲወሰድ 15 ቀን ይሆናል። ለ12 ሳምንት ስድስት ብልቃጥ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ለልብ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው አብሮ አይውሰደው፤ ግፊቱ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ኦሲዲ ያለበት፣ ሕክምና የጀመረ፣ ሐኪሙም «እሺ» ያለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር ቢለኝ ከኢኖሲቶል ይልቅ ወደዚህ አዘነብላለሁ። የሚዋጠው ጥቂት ነው፣ የማስረጃው ብዛትም ይሻላል።

አሽዋጋንዳ

ይኼን ተክል እናቶቻችን ያውቁታል፤ ጊዜዋ ወይም ግዛዋ የሚባለው ነው። በሕንድ ባህላዊ ሕክምና ሥሩ ነው የሚፈለገው። ትንንሽ ሙከራዎች ለጥቂት ሳምንታት ተወስዶ ውጥረትንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ያደርጋል። ቅድም ያልኩት ይኼ ነው፤ ጭንቀት የመሰለው ሕመም ከታይሮይድ የመጣ ከሆነ አሽዋጋንዳ ያባብሰዋል። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትውሰደው። ዴንማርክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከገበያ አስወጥታዋለች። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ቆዳ ከበላ ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ከአጥር ሥር ነቅሎ ማፍላትስ? ጥናቱ የተሠራው በተመዘነ የሥር ጭማቂ ነው። ድስት ውስጥ ስንት እንደወጣ ማን ያውቃል። አይሆንም።

እነዚህን ተዉአቸው

ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቅጠል አለ፤ ለድብርት ይሸጣል። ለኦሲዲ በ2005 (እ.ኤ.አ.) 60 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከባዶው አልተለየም። ችግሩ አለመሥራቱ ብቻ አይደለም። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪሩ ደሙ ውስጥ ይቀንስበታል። የወሊድ መከላከያ ክኒንም ሆነ ክንድ ላይ የሚቀበረው ሊከሽፍ ይችላል። ከጭንቀት መድኃኒት ጋር ሲደመር ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአእምሮ መልእክተኛ ከልክ በላይ ያደርሳል። 5 ኤችቲፒ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ከጭንቀት መድኃኒቶቹ ከፍሎክሰቲንና ከሰርትራሊን ወይም ከሕመም ማስታገሻው ከትራማዶል ጋር ከተወሰደ በኋላ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና መቅበጥበጥ ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ካቫ የሚባለው ዕፅ ጉበት ይጎዳል፤ አልፈዋለሁ።

የአገር ቤቱስ? ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ ምግብ ነው። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ጣል ቢደረግ ማን ይቃወማል፤ እርጉዝ ሴት ግን በብዛት አፍልታ አትጠጣው። የካሞሜል ሻይ ማታ ማታ መጠጣት ለቀላል ጭንቀት አይጎዳም፤ ቡናውን ከተካ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠቀመ።

ጾምና ካፕሱል

ይህን ብዙ መመሪያ አይነግራችሁም። ለስላሳውም ደረቁም ካፕሱል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጄላቲን ነው። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ለጾመኛም፣ ለሙስሊምም፣ አሳማ ለማይነካ ክርስቲያንም ጉዳይ ነው። ከዕፅዋት የተሠራ ካፕሱል ያለው አለ፤ ጀርባው ላይ ሴሉሎስ ይላል። ሐላል ምልክትም ፈልጉ። ዱቄቱ ይህ ችግር የለበትም።

የአሳ ዘይት በሁዳዴ ይወሰዳል አይወሰድም የሚለውን አሳው ራሱ ይበላል አይበላም ከሚለው ክርክር ጋር ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። ከባሕር ዋቅላሚ የሚወጣ ኦሜጋ 3ም አለ፤ ውድ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ኤንኤሲና ኦሜጋ 3ን በባዶ ሆድ አይውሰድ፤ ጾሙን ከሚፈታበት ምግብ ጋር ያድርገው።

ታዲያ የቱን?

የተማሪ ዓይነት ቀለል ያለ ጭንቀት ካለባችሁና ሌላ መድኃኒት ካልወሰዳችሁ ቡናና ጫቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ኦሜጋ 3 በበቂ መጠን ሞክሩ። ካልተቻለ ሰርዲን ብሉ። እንቅልፍና የጡንቻ መወጣጠር ካስቸገራችሁ ማግኒዥየም ማታ ማታ። ፓኒክ ከሆነ ሐኪም፣ ከዚያ አቅርቦት ካለ ኢኖሲቶል። ኦሲዲ ከሆነ ሕክምናው ይቀድማል፤ ኤንኤሲ ከጎን፣ ከተፈቀደ ብቻ። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች በራሷ አንዱንም አትጀምር።

ስትሞክሩ አንድ በአንድ። ሦስቱን በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ቢሻለው ማንን ያመሰግናል? ሆዱ ቢያመው ማንን ይከሳል? በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ማታ ለምሳሌ፣ ከ10 ስንት እንደተጨነቃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጡት። ካልተለወጠ አቁሙ። «ትንሽ ልቆይበት» የሚባለው ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ዕቃው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያወቀው ከሆነ ይመረጣል። የሻንጣ ዕቃ ከሆነ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን እዩ። የአሳ ዘይት በሙቀት ይበላሻል፤ ክፉኛ ከሸተተ ጣሉት።

ኦሲዲ ላለበት ሰው ያለ ወጥመድ

ይህ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። ኦሲዲ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል። ሰፕልመንት ደግሞ ማለቂያ የሌለው የእርግጠኝነት ፍለጋ ሜዳ ነው። ይኼኛው ንጹሕ ነው? ጠዋት ነው ማታ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? አንዷን ፍሬ ረሳሁ፣ ተበላሸ ማለት ነው? ሰውየው እጁን መታጠብ ቀንሶ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ማግኒዥየም ሲያነብ ሊያድር ይችላል። ቤተሰብ «ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም፤ ድርጊቱ ቦታ ቀይሮ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። ካፕሱሏን ባትወስዷት አንድ መጥፎ ነገር ይመጣል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ወይም ፋርማሲስቱን አንዱኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁ፣ ወይም ይህን ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ሰፕልመንቱ የሕመሙ አካል ሆኗል። ተዉት። የቤተሰብ ሰውም «አይዞሽ፣ ምንም አይልሽም» እያለ ሃያ ጊዜ ባያረጋግጥ ይሻላል። ማረጋገጫው ለአምስት ደቂቃ ያሳርፋል፣ ከዚያ ይብሳል።

ኦሲዲ ላይ የሠራው የሥነ ልቦና ሕክምና የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ፣ የሚደጋገመውን ድርጊት ግን አለማድረግ። ቡታጋዙን አንዴ ዘግቶ መውጣት፣ ፍርሃቱ ሲመጣ ባጃጁን አለማስመለስ። መጀመሪያ ይከብዳል። ፍርሃቱ ግን ሳይታዘዙለትም ይወርዳል። ከመድኃኒት በኩል ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን የቆዩና የታወቁ ናቸው። ለኦሲዲ ሙሉ ጉልበታቸውን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳሉ፣ መጠኑም ከድብርት ይልቅ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመው ይህን ስላልነገሩት ነው። የአንድ ወር ፍሎክሰቲንና የአንድ ቆርቆሮ ኢኖሲቶል ዋጋ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆምበት ምክንያት የለም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሰፕልመንት ጀመርኩ ብሎ ማቆምም እንዲሁ ነው። በድንገት የተቋረጠ የጭንቀት መድኃኒት ማዞር፣ መነጫነጭና የባሰ ጭንቀት ያመጣል።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በማንኛውም ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፣ ሰው አብሮ ይሂድ። በቀጠሮ ስትሄዱ ደግሞ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፦ ክኒኑን፣ ዱቄቱን፣ የአክስትን ብልቃጥ፣ የተቀቀለውንም ቅጠል። «ቫይታሚን ነው» ብላችሁ አታስቀሩት፤ ሐኪሙ ጀርባውን ገልብጦ ያንብበው።